የጡብ መኪናው ሁለት ድምፅ

ውድ እማዬ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ሲመጣልሽ «ደግሞ ምን ጉድ መጣ?» ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ተረጋጊ፤ የሞተም የታመመም የለም። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ባልሽም ደህና ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ደግሞ አንቺ መሃል ላይ እየገባሽ አንድ ወሬ ጨርሼልሽ አላውቅም። አሁን ግን እስክጨርስ ሳትወጂ በግድሽ ታዳምጪኛለሽ፤ ዕድሜ ለወረቀት!

የወለደችውን እህቴን ልታርሺ የሄድሽ ቀን መናኸሪያው ውስጥ ጎትተሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ሰውዬውን ከዚያ ወንበር አስነሺልኝ። እንዴትም አድርጊ፤ ካስፈለገም ዋሺ። ስመለስ መስኮት ስር ተቀምጦ እንዳላገኘው።» እኔም አፌን ሞልቼ «በኔ ይሁንብሽ» አልኩሽ። አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ነው የጸጸተኝ።

አባዬን ታውቂዋለሽ። በጋራዡ በር የሚያልፍ የጭነት መኪና ድምፅ ብቻ ሰምቶ «የዚህኛው የግራ ባሌስትራ አልቋል» ይል የነበረ ሰው ነው፤ ሹፌሩ ሁሉ «ጆሮ» እያለ የሚጠራው። ያ ጆሮ ሲከዳው ሰፈሩ በሙሉ አወራ፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሰማ ቀን ግን እጁን ታጠበ፣ ቱታውን በሩ ኋላ ሰቀለ፣ የጋራዡን ቁልፍ ሰጠኝና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አብረን አይተናል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ስትደውዪ እጁን እያወናጨፈ «ተኝቷል በያት» ይለኛል። አንቺም መጀመሪያ ሳቅሽ፣ በመጨረሻ «እኔም ማኩረፍ አውቃለሁ» አልሽ። ሁለታችሁ ስትኮራረፉ ስልኩን ይዤ መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ። ባለፈው «እዚህ የሚፈልገኝ አለ፤ እዚያ ማን ይፈልገኛል?» ስትዪኝ ግን እዚያው እንዳትቀሪ ፈራሁ።

ባለ ጡቡን ታስታውሺው የለም? ያ ሆዳሙ፣ ሳቂታው፣ ጡብ የሚያመላልሰው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከፊት በኩል ይንኳኳል ብሎ አመጣልኝ። ከስሩ ገብቼ ሳይ ጭነቱን በሚሸከሙት ባሌስትራዎች መጋጠሚያ ላይ ያሉት ቦኮላዎች ጎማቸው አልቆ ብረት ከብረት ይማታል። እነሱን በሙሉ ለወጥኩ፤ ንዝረት የሚያበርዱት ሁለቱም አሞርዛተሮች ዘይት ያለቅሱ ስለነበር እነሱንም ቀየርኩ። ገበያው ጀርባ ባለው ኮረኮንች ላይ ነድተን ስንሞክረው ጸጥ! ባለ ጡቡ መሪውን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሰይጣን የመጣው ያኔ ነው። ወይም አንቺ። ለባለ ጡቡ ያሰብኩትን ብነግረው እሱም አባዬ ስለናፈቀው በደስታ ተስማማ። የአንዱን አሞርዛተር የላይኛውን ብሎን አላላሁና ቋ! ቋ! እያስባልነው ቤታችን በር ላይ አቆምነው። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ወጥተው አዩን።

«አባዬ፣ ሁሉንም ለወጥኩ፤ ድምፁ ግን አለቀቀኝም!» አልኩት ጆሮው አጠገብ ሄጄ።

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? ጆሮ ላለው ሰው ውሰጂው።»

«ጆሮ ያለው ሰው አቃተው።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ።»

ሳቅ አመለጠው እማዬ! ሊደብቀው በሳል ለወጠው፣ ግን አመለጠው። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «በዚህ መኪና ነው ጡብ የሚጭነው? ሰው ሊፈጅ ነው?» እያለ በነጠላ ጫማ ወጣ።

ባለ ጡቡን የፊት መከላከያው ላይ አውጥቶ «ዝለል» አለው። ዝላዩን ባየሽ! የዚያ ሰውዬ ሆድ ብቻውን ግማሽ ጭነት ነው፤ መኪናው እንደ አልጋ ከፍ ዝቅ ይላል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በጎማው ክፍተት አስገባና አሞርዛተሩ ላይ አሳረፈ። ጊዜም አልፈጀበት።

«የላይኛው ብሎን ላልቷል» አለ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አፈጠጠብኝ። «ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም። አንቺ ብሎን ሳታጠብቂ አትተዪም።»

«ረስቼው ነዋ።»

«እናትሽ ናት አይደል?»

መፍቻ የምፈልግ መስዬ አቀረቀርኩ። ባለ ጡቡ መከላከያው ላይ እንደቆመ ሳቁን ለመዋጥ ሰማይ ሰማይ ያያል። አባዬ ሁለታችንንም አየና «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» ብሎ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። አበቃለት አልኩ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ከተቀመጠ ዳግም አይነሳልኝም፤ ለአንቺስ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ፍርሃት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። መዳፉን አየው።

«ቆይ፤ ሌላውስ?» አለኝ።

«የቱ ሌላ?»

«ብሎኗን አጥብቂና እንየው።»

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሌላ ያበላሸሁት ነገር አልነበረም። ብሎኑን አጠበቅኩ፤ ባለ ጡቡ ዘለለ፤ ጆሮዬን ባቆምም ምንም አልሰማሁም። አባዬ ካርቶን አንጥፎ ከስር ገባ። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ እኔ በቀየርኩት አዲስ ቦኮላ ላይ፣ እጁን አሳረፈ። «ነይ» አለኝ። አጠገቡ ተጋደምኩና እጄን ከእጁ ስር አደረገው። ባለ ጡቡ በዘለለ ቁጥር የሆነ ነገር መዳፌን ቆንጠጥ ያደርጋታል። በጆሮ የሚሰማ አይደለም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ይሄን ስታጠብቂ መኪናው የት ነበር?»

«ጋራዥ።»

«ጋራዥ መሆኑንማ አውቃለሁ! ጎማው መሬት ላይ ነበር ወይስ አየር ላይ?»

ኩምሽሽ አልኩልሽ። አየር ላይ ነበራ! መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ነው ብሎኖቹን ጥርቅም ያደረግኳቸው። የቦኮላው ጎማ እንደዚያ እንዳለ ይያዝና መኪናው መሬት ሲነካ ተጠማዝዞ ይቀራል። ባዶውን ሲሄድ ዝም ይላል፤ ጡብ ተጭኖበት ጉድጓድ ሲገባ ግን በየጊዜው እየተቀደደ ነው። ወር ሳይሞላው ያ ሁሉ አዲስ ዕቃ ጥራጊ ይሆን ነበር። ይሄንን ደግሞ ያስተማረኝ ራሱ አባዬ ነው፤ መፍቻ በእጄ ሳልይዝ ጀምሮ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ እዚያው እንደተጋደመ፣ ፊቱ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው! እኔ ልሸነግለው የውሸት ድምፅ ይዤ መጣሁ፤ እሱ እቴ የእውነቱን አወጣብኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብሎኖቹን አላልተን፣ መኪናውን በራሱ ክብደት አስቀምጠን፣ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰን እንደገና አጠበቅናቸው። አጠበቅናቸው ስልሽ እሱ ነው ያጠበቀው። መፍቻውን ልቀበለው ብል እጄን መታኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቱታው ከበሩ ኋላ የለም። ጋራዥ ስደርስ ከኔ ቀድሞ የአንድ ታክሲ ጎማ ስር ተንበርክኳል። አሁን ሹፌሮቹ «ጆሮ» ማለት ትተው «መዳፍ» ይሉታል፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ይኮራል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ደስ ብሎት ሳየው ደፈር አልኩና «እማዬ ስትደውል ለምንድነው ተኝቷል በያት የምትለኝ?» አልኩት። እጁን በጨርቅ ብዙ ጠረገ። ጠርጎም ጠርጎም አልጨረሰ።

«አይሰማኝማ» አለኝ። «ፊት ለፊት ሲሆን የሰው አፍ አይቼ እገምታለሁ። ስልክ ላይ ግን ድምጿ ይንጫጫል እንጂ ቃሉ አይገባኝም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ብላ ዝም አለች፤ መልስ ስትጠብቅ ጊዜ 'እሺ፣ በሩን እዘጋዋለሁ' አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ምን ብላኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ብቻ ስለ በር አልነበረም።»

እማዬ፣ እስካለቅስ ሳቅኩ፣ ከዚያ የእውነት አለቀስኩ። ያን ቀን ምን እንዳልሽው አትንገሪኝ፤ ለእሱ ንገሪው። ኩርፊያ አልነበረም። ያንቺን ድምፅ ማጣቱን እንዳታውቂበት አፍሮ ነው። የሰው መኪና ይሰማ የነበረ ሰው የሚስቱን ቃል አልሰማም ማለት ከብዶት ነው። ይወድሻል፤ አፉ አይለውም እንጂ።

ይሄን ደብዳቤ የሰጠሽ ሰው ባለ ጡቡ ነው፤ ወደ እናንተ ከተማ ጭነት አግኝቶ ነው። አባዬ ይሄን ሲሰማ «ሥራ በረጅም መንገድ ካልተፈተነ ሥራ አይባልም፤ አብሬው ሄጄ ማየት አለብኝ» አለ። ለቦኮላ ብሎ ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የሚሄድ መካኒክ አይቼ አላውቅም።

ይሄን ስታነቢ እሱ ውጭ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል። «መጀመሪያ ታንብብ» ብሏል። «አንብባ ከወጣች እሰየው፤ ካልወጣች ከባዶው መኪና ጋር እመለሳለሁ።» ስታናግሪው ፊት ለፊቱ ሁኚና ቀስ ብለሽ ተናገሪ። የልጅ ልጁን ራስሽ አስታቅፊው። እኔም ጋራዡን ዘግቼ በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ።

በቃ፣ ወረቀቱን አስቀምጪና ውጪ። የጋቢናውን በር አታንኳኪ፤ አይሰማም። ዝም ብለሽ ክፈቺው።

የምትወድሽ ልጅሽ