የመሬቱን ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ልጄ አናሴይኒ፣ ኦክላንድ ያለው ቤትሽ ሰላም ይሁን፤ እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። እዚህ ቫቫኡ ደሴት በሕይወት አለን። ቦዬው ግን በዝናቡ ብዛት በስብሷል፤ አክስትሽንም ጉልበቷን ያማታል።

ማክሰኞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፌኪ ለኢንተርኔቱ የመብረቅ መከላከያ ሊገጥም መጣ። ከግድግዳው ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ አይቶ፣ “ይህን ማን ቆረጠው እማማ?” አለኝ።

“አይጥ ይሆናል” አልኩት።

“ጉጠት የያዘ አይጥ ነዋ” ብሎ ሳቀ። “መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደው እኮ ይሄ ነው። እሱ ከሌለ በስልክ መስመሩ ቤት ይገባል።”

የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አባትሽ በሕይወት ሳለ አሳማዎቹ ቦዬውን እየቆፈሩ ሲያስቸግሩኝ፣ ሽቦውን ቆርጬ የአጥሩን በር አሰርኩበት። በሳምንቱ በዚያ ዝናብ አንቺ ደወልሽ፤ አባትሽ ስልኩን እንዳነሳ መብረቁ ገደለው። የሽቦውን ሥራ ከመጽሐፍ አንብቤ ካወቅኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። አንቺ “ምነው ባልደወልኩ” እያልሽ ስታለቅሺ እኔ ዝም ብዬ ሰማሁሽ።

የአንቺ ጥፋት አልነበረም። ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ። ፌኪ አዲስ ሽቦ ቀብሯል። ከቻልሽ እሑድ ደውዪልኝ፤ ልትቆጪኝም ቢሆን ደውዪ።

እናትሽ ሉሴኔ