ግድግዳውን ኖራ ቢቀቡትም

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ አስረሳች፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳላልፍሽ ግን ወሬው ቀድሞኛል። ወንድሜ ዋሲሁን ደውሎ፣ «እማዬ እንጀራዋን በእግሯ ባትገፋ ምናለ ብላለች» አለኝ። እንግዲያው ከእኔው ከልጅሽ ስሚው።

ዘንድሮ እዚህ ሰመራ ከከተማው ሠዓሊዎች ጋር ሆነን፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን ረጅም አጥር ባለቤቱን አስፈቅደን ሣልንበት። ምን ይሣል የሚለውን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። አበባና ግመል ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ «ይኼ በየሆቴሉ ሞልቷል» እያልኩ መለስኩ። የመረጥኩት በጅቡቲ መንገድ ላይ የሞቱ ሾፌሮችንና ረዳቶችን ፊት ነው። ቤተሰቦቻቸው ፎቶ ይዘው መጡ። ሙጂባ የምትባል የአፋር ሴት ግን፣ ባሏ በዚሁ መንገድ ዲቾቶ አጠገብ መኪና ተገልብጦበት የሞተባት፣ ፎቶ አልነበራትም። ስትሠራው የነበረ፣ ጫፉ ያልተቋጨ ሰሌን አመጣች። «ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ደርሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። መሃል ላይ ሰቀልኩት።

እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለና አንድ የከተማው ኃላፊ መጥቶ፣ «ከተማውን መቃብር አስመሰላችሁት!» ብሎ ጮኸብን። በማግስቱ ግድግዳውን ኖራ አስቀባው፤ ሰሌኑንም አፈር ላይ ጣሉት። ሙጂባ አንስታ አራገፈችው። አላለቀሰችም። «ወላሂ፣ የኔን ሰው ሁለቴ አይቀብሩትም» አለች። እኔንም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አስጠርተው፣ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ሥዕል ማስተማሩን ትተያለሽ አሉኝ። «ይቅርታ የሚገባት ሙጂባ ናት፤ ሄዳችሁ እሷን ጠይቁ» ብያቸው ወጣሁ። ይኸው ከክፍል ታግጃለሁ።

ደምመላሽ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ሰማ። ከሣልናቸው አንዱ የእሱ ረዳት ነበር። «ግድግዳ ቆሞ ስለሚጠብቃቸው ነው የሚቀቡት። የኔን መኪና እስቲ ሮጠው ይድረሱባት!» ብሎ የጭነቱን ሸራ አወረደልን። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ዘርግተን ፊቶቹን እንደገና ሣልናቸው፤ ሙጂባም ሰሌኗን በወፍራም ክር መሃሉ ላይ ሰፋችው። መኪናው ከድንበሩ ከገላፊ ሲመለስ ዲቾቶ ላይ ሾፌሮች ሞተር እያጠፉ ወረዱ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ ቆመ። አሁን ሌሎችም የእኛም ሸራ ላይ ይሣል እያሉን ነው።

ስለዚህ እማዬ፣ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ጓዜን ጠቅልዬም አልመጣም። ለሙታን ማልቀስ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ በቀለም አለቀስኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? ደምመላሽ ቅዳሜ እናንተ ዘንድ ለምሳ ይቆማል። ውጪና ሸራውን እዪው፤ በእጅሽም ዳብሺው። ከዚያ በኋላም ተይ ካልሽኝ አክብሬ እሰማሻለሁ፤ ግን አልተውም።

ዋሲሁንን ሳሚልኝ፤ ሚስቱን ፍሬን በርቺ በያት። ጎረቤታችንን እትዬ ነኢማን አሰላሙ አለይኩም ብላለች በይልኝ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። አንቺን ግን ጉልበትሽን ስሜ ነው የምሰናበትሽ።

ልጅሽ ራኬብ
ሰመራ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.