በሦስት መርፌ ቁልፍ ስለተያዘው አርባ ሰባት ቁጥር

ይድረስ ለተከበሩ የብስክሌት ውድድር አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት፣ የመለያ ቁጥር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ደንብዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ማኅተምዎ የከበደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ቢጠይቁኝ፣ ካለፈው ወር ውድድር ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብርክ ይይዘኛል፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባትም ባለቤቴን እለምናለሁ። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። አርባ ሰባት ቁጥር የተሰጣት ብስክሌተኛ አባትም እኔው ነኝ፤ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መቀስዎ አመሰግናለሁ። በውድድሩ ዋዜማ ልጄን ብስክሌቷ ላይ አስቀምጬ፣ ስትጋልብ እንደምትሆነው ጎንበስ አድርጌ፣ ቁጥሯን ማልያዋ ጀርባ ላይ ዙሪያውን በእጄ ሰፋሁት። ጎንበስ ያደረግኋት ማልያ ስለሚለጠጥ፣ ወረቀት ግን ስለማይለጠጥ ነው፤ ቆማ የተሰካላት ቁጥር ስትጎነብስ ይወጠራል፣ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ነፋስም ከሥሩ ገብቶ እንደ ጃንጥላ ይነፋዋል። ይህን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም፤ ጠባብ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ጊዜ ማጎንበስ ይበቃል። ጠዋት መነሻው ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛዎ ግን «ቁጥር የሚያያዘው ጽሕፈት ቤቱ በሚሰጠው አራት መርፌ ቁልፍ ብቻ ነው» የሚለውን አንቀጽ በጣቷ አሳየችኝና ስፌቴን በመቀስ ተረተረችው። ከዚያም ልጄን ቀጥ አድርጋ አቁማ ስትሰካላት፣ ሦስተኛው ላይ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። «አራተኛውስ?» ብላት «አልቋል አባባ፤ ሦስቱም ይይዛል» አለችኝ። «ልጄ፣ ቁልቁለት አለ እኮ» ብላት «እኔ ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው» አለች። ያ አራት የሚል ደንብ የእኔን ስፌት ለማስፈታት ያን ያህል በርትቶ፣ አራተኛዋን መርፌ ቁልፍ ለማምጣት ዐቅም ማጣቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

እኔ ያደግሁት ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እየሰማሁ ነው። የእርስዎ ወረቀት ለቀቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስልክ ጥሪዎ አመሰግናለሁ። መጨረሻው መስመር ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ ሳለ «የአርባ ሰባት ቁጥር ቤተሰብ ነዎት?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። ነኝ አልኩ። «ቁልቁለቱ ላይ ወድቃለች፤ ሆስፒታል ገብታለች፤ ቶሎ ይምጡ» አለኝ። ትናገራለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «እሱን እኛ አናውቅም፤ ቁጥሯን ብቻ ነው የሰጡን» ብሎ ዘጋው።

ወደ ሆስፒታሉ እንዴት እንደደረስኩ ልነግርዎ አልችልም። ለባለቤቴ ልደውል ስልኩን ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት፤ ምን ብዬ ልንገራት? እሷ ብስክሌቱን ስትቃወም «የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል» ትል ነበርና፣ ይህችን ልጅ ብስክሌት ላይ ያወጣኋት እኔ መሆኔን በውስጤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ነርሷ ወደ አንድ በር እየጠቆመች «እዚያ ናት፤ ይግቡ» ስትለኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሴትዮዋ አይታኝ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ተቀዶ የወጣ ልብሷን በፌስታል ሰጥታኝ ወንበር አቀረበችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጄን ለማየት ፈርቼ ልብሷን አየሁ። የክለቧ ማልያ ነው፤ ቀለሙ ያው፣ ልኩም ያው። ደም ነክቶታል። ግን የልጄ ማልያ ወገቡ ላይ ይሰፋት ስለነበር ሁለቱን ጎን በራሴ እጅ አጥብቤላታለሁ፤ ጣቴን በስፌቱ ላይ ባስኬደው የፋብሪካ ስፌት ነው። አገላብጬ እንደገና ዳሰስኩት። የእኔ እጅ አልነካውም። «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ደንግጣ አየችኝ፤ በሩ ክፍት ነበር፤ በውስጥ የተኛችው ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለ ልጅ ደግሞ የወንድ ድምፅ ሰምታ «አባዬ?» አለች። እኔ በእሷ መውደቅ ፈጣሪዬን ሳመሰግን ሰማችኝ። ገብቼ እጇን ይዤ «አለሁ ልጄ» አልኳት።

ደስታዬ ግን የቆየው ያንን ያህል ብቻ ነበር። ይህች የእኔ ካልሆነች የእኔዋ የት ናት? የልጄ ቁጥር በነፋስ ተነቅሎ ሄዶ ይህች ምስኪን ከወደቀችበት አጠገብ ማረፉን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የማውቀው፣ ልጄ በዚያ ቁልቁለት ላይ ቁጥር አልባ መሆኗንና ገደል ብትገባ እንኳ ማንም «እንትና ጎደለች» እንደማይል ነበር። ውድድር ሲሆን ስልኳን የምትሰጠው ለእኔ ስለሆነ ኪሴ ውስጥ ነው። ነርሷ ወደ ቢሮዎ ደውላ «እኚህ አባት ልጄ አይደለችም እያሉ ነው» ብትላቸው፣ «የተጎዳችው አርባ ሰባት ናት፤ መዝገባችን እንዲህ ነው የሚለው» ብለው መለሱላት። በአንድ እጄ የሰው ልጅ እጅ፣ በሌላው የልጄን የማይጮህ ስልክ ይዤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሆኜ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «አባዬ፣ የት ጠፋህ? ሦስተኛ ወጥቼ እኮ ቁጥር የለሽም፣ አልተወዳደርሽም አሉኝ!» አለች። እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ስላላወቀች «ግድ የለም አባዬ፣ ሌላ ጊዜ አሸንፋለሁ» ብላ አጽናናችኝ።

የተጎዳችው ልጅ እናት በክለቡ ልጆች በኩል ሰምተው ከሰዓት በኋላ መጡ። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ እጅጌያቸው ላይ ዱቄት ነበረ። የእሳቸው ልጅ ቁጥር፣ ሃምሳ ሁለት፣ ተቀዶ ቦይ ውስጥ ስለገባ ማንም አልደወለላቸውም፤ ልጃቸው አስፋልት ላይ ስትጎተት እሳቸው ሊጥ እያቦኩ ያንጎራጉሩ እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። ልጅቷ አጥንቷ ተጠግኖ፣ መንጋጋዋም ታስሮ፣ ዛሬ በመምጠጫ ቱቦ ወተት መጠጣት ጀምራለች።

ሦስተኛም አራተኛም ነበረኝ፤ ይቅር። የሚመጣው እሑድ ሌላ ውድድር አለ። ልጄን ቅሪ ብያት ነበር፤ «አንተ ጣትህን በመርፌ ስትወጋ መስፋት ተውክ?» አለችኝና አፌን ዘጋችው። ስለዚህ ማልያዋ አንገት ውስጥ ስሟንና የእኔን ስልክ በክር ጠለፍኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ የሚጠልፍ አባት ምን እያሰበ እንደሚጠልፍ፣ ልጅ ካለዎት ይገባዎታል። ቁጥሯንም ጎንበስ አድርጌ፣ በድርብ ክር፣ ጥግ ጥጉንና መሐል መሐሉን እሰፋዋለሁ። ሠራተኛዎ መቀሱን ካነሳች እኔ ከመነሻው መስመር ላይ እተኛለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ፈሪም ነኝ፤ ግን እተኛለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከወዲሁ ማሳወቄ ነው።

በደንብዎ ጥላ ሥር የምንቀጠቀጥ፣ በትዕግሥትዎ እጅግ የምቀና፣ ታዛዥ ለመሆን ሞክሬ ያልሆነልኝ፣

የአርባ ሰባት ቁጥር አባት፣
ልብስ ሰፊው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳላሽገው የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «በልጅዎ ላይ ስለደረሰው ከባድ ጉዳት ጽሕፈት ቤታችን ጥልቅ ሐዘኑን ይገልጻል» ይላል። ልጄ ለልምምድ ወጥታ ስለነበር ብስክሌቷን እየገፋች እስክትመጣ ድረስ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያም ደብዳቤውን ለሚገባቸው ለዳቦ ጋጋሪዋ ወሰድኩላቸው። አንብበው «ታዲያ የኔዋን ምን ሆነች ብለው ጽፈዋት ይሆን?» ቢሉኝ እዚያው ሆኜ ቢሮዎ ደወልኩ። ቁጥሯ ከቦዩ ተለቅሞ ጨርሰው ከገቡት ቁጥሮች ጋር ስለተመለሰ፣ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ውድድሩን ጨርሳ በሰላም ገብታለች አሉኝ።