ካርቶኑ ላይ የሣልካቸው ሁለት ሰዎች

ውዴ ምስጋናው፣

ከተለየኸኝ ዘንድሮ የሰሊጥ አጨዳ ሲገባ ድፍን ሁለት ዓመት ሆነ። ንዳዱ በሦስት ቀን ሲነጥቀኝ መጻፍ አላውቅም ነበር። አሁን መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ የቀበሌው አስተማሪም የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብሎኛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላንተ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የሰኔ ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ቢገነጥለው አስመታሁት። ልጃችን ስንዱ አግብታ ጎንደር ገባች፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ሰላምታ ትልክልኛለች። መተማ ዮሐንስም ያው ነው፣ ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ ከጋላባት የሚሻገረው ጭነት መኪናም። የማዋራው ሰው ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፄን የምሰማው ዶሮ ሳባርር ነው።

የተነሣሁት ግን አንድ ነገር ልነግርህ ነው። በቀብርህ ቀን አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እኔ የሚቆጠቁጥ ዓይኔን እያሸሁ ቆምኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ ታውቃቸው የለ፣ አፋቸውን የማይዙት፣ ለባሏ አንዲት ዘለላ እንባ ነፈገችው ብለው ለሰፈሩ አዳረሱት። ዓይኔ በመንግሥት እርሻ ሰሊጥ ሳራግፍ ከደረቀ ስንት ዘመኑ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። አንተ ደግሞ ተገንዘህ ተኝተሃል።

የጠብታውን ነገር መቼም አትረሳውም። ለደረቀ ዓይን የሚሆነው መድኃኒት መጀመሪያ ክሊኒካችሁ ሲገባ ካርቶኑ ላይ ከአንድ ትልቅ የፈጠጠ ዓይን በቀር ሌላ ሥዕል አልነበረበትም፤ ጽሑፉም የፈረንጅ ነው። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ዓይኑን ሲያዩ የቡዳ መከላከያ መሰላቸው። ጠርሙሱን ከነካርቶኑ በቆዳ አሰፍተው እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ዓይናቸው ከበፊቱ ብሶ ቀልቶ ሲመለሱ አንተ ድሬሰሩ መጀመሪያ ሳቅክ፤ ቤት ስትገባ ግን ምሳህን ሳትቀምስ ተነሣህ። ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የካርቶኑ ነው አልከኝ።

ከዚያ የሲጋራ ካርቶን እየቀደድክ አዲስ ማሸጊያ መሥራት ያዝክ። አንተ በእርሳስ ትሥላለህ፣ እኔ ሙጫ እቀባለሁ። መጀመሪያ የሣልከው ራሱን ወደ ኋላ የጣለና ጠርሙስ ከፊቱ በላይ የያዘ ሰው ነበር፤ አንድ የወሎ ሰው አይቶ የሚጠጣ ነው ብሎ አፉ ውስጥ ገለበጠው። አይጣፍጥም ብሎ አንተኑ ሊወቅስህ መምጣቱ እስካሁን ያስቀኛል። ሁለተኛውን ከመሣልህ በፊት እኔን ጉልበትህ ላይ አንጋለህ አንጠባጠብክልኝ፤ ከዚያ ያንኑ ሣልከው፣ አንዱ ተንጋሎ፣ ሌላው ከላይ ሲጨምርለት። የቀበሌው ሊቀ መንበር መፈክር ይግባበት ብሎ ቢያደርቅህም ቦታ የለውም ብለህ ሸወድከው። ሥዕሉ ሠራ። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ዛፍ ጥላ ሥር እየተፈራረቁ ሲያንጠባጥቡ ሄደን አየናቸው፤ እንደዚያ ቀን ኮርተህ አይቼህ አላውቅም። ለእኔም በየጠዋቱ ሥራ ከመግባትህ በፊት የምትጨምርልኝ አንተው ነበርክ።

ብቻውን የቀረ ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ራሴ ስሞክር ዓይኔ ቀድሞ ይከደናል፣ ጠብታው ጆሮ ግንዴ ላይ ያርፋል። አምና ኅዳር አቧራው ሲብስ በሩን እንኳ መለየት አቃተኝና፣ ሌላ የምሄድበት ቢጠፋኝ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩ። ማንበብ አይችሉም። ካንተ የተረፈውን ካርቶን ከነጠብታው ሰጠኋቸው፤ አገላብጠው ሥዕሉን አዩና መሬት ላይ ተቀምጠው ራሴን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። መድኃኒቱ ሞልቶ በጉንጬ ሲወርድ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ጨመሩልኝ፣ ደግመው ጠረጉልኝ። ከዚያ እጃቸው ፊቴ ላይ ቆመ።

«ለካስ እንባሽ ደርቆብሽ ኖሯል ልጄ። እኔ አፈ ክፉ!» አሉና ላንተ እንደ አዲስ አለቀሱልህ።

እኔ እዚያው እንደተንጋለልኩ ሰማኋቸው። በሰው እንባ ቀናሁ ብልህ ታምነኛለህ? ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ ይጨምሩልኝ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ግን ልጃቸው ሳንጃ ከተማ ወሰዳቸው። አዲሱ ድሬሰርም ያንተን ሥራ አልቀጠለም፤ መድኃኒቱ በመጣበት ካርቶን ይታደላል። እኔም ራሴ እሞክራለሁ፤ ከሦስት አንዱ ይገባል።

ሰው ያለውን ይበል፣ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን እንደ ሰፈሩ ሰው አስበህብኝ ከሆነ ብዬ ነው የጨነቀኝ። እስክንገናኝ ድረስ ስምህን ሳልጠራ የማድርበት ቀን አይኖርም። በቀብርህም ቀን አልቅሼልሃለሁ ምስጌ፣ ዛሬም አላቆምኩም፤ የሚወርድ ስለሌለው ነው ማንም ያላየልኝ።

ባለቤትህ ጥሩነሽ