ደረጃው ላይ የሰማሁት ቃል

ልጄ፣ እግዜር ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ጤናና ሰላም አይለዩሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ወድቃ ዳሌዋ መሰበሩን እህትሽ ነግራሻለች። ተጠግኗል፣ አትደንግጪ።

እንዴት ከቤት እንደወረደች ግን አልነገረችሽም። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበር። አራት የአምቡላንስ ሠራተኞች ቃሬዛ ይዘው ከአምስተኛ ፎቅ ሊያወርዷት መጡ። እኔም «ቀኝ! ግራ! ቀስ!» እያልኩ ማዘዝ ጀመርኩ። አንዷ፣ «አባባ፣ እርስዎ ከፊት እየወረዱ በር ይክፈቱልን» አለችኝ። እናትሽ እዚያው ተኝታ፣ «ተመስገን! እሱንም የሚያዘው ሰው ተገኘ» አለች።

ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየመታጠፊያው ቃሬዛውን ይቀባበላሉ። ተቀባዩ «ይዣለሁ» ካላለ አቀባዩ አይለቅም፤ የቱንም ያህል ቢከብደው ያቺን ቃል ይጠብቃል። ቃሬዛው አንዴም ሳይንገጫገጭ መሬት ደረሰ። አናጢነትን ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ፣ ዕድሜ ልኬን ረዳት አልፈልግም ያልኩ ሰውዬ፣ በር ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ባለፈው በስልክ፣ «ሥራዬ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማቀበል ብቻ ነው፤ ትርጉም የለውም፣ ልተወው ነው» ብለሽኛል። መተዉን አንቺ ታውቂያለሽ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳልሰማት። እናትሽን ምድር ያደረሳት ማቀበል ነው።

ክፉ አይንካሽ፤ ስትደክሚ የሚያግዝሽ አይጥፋ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ አብረውሽ የሚሠሩትን ሰዎች ስም ጻፊልኝ። እናትሽ ስትመርቅሽ እነሱንም በየስማቸው ልትጠራ ትፈልጋለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ አሜን እላለሁ።

አባትሽ