ተቀመጪ ያልከኝ ወንበር

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ ከቁስቋም ዳገት ግርጌ

ይድረስ ለልጄ ለጌቱ ታረቀኝ
ኦስሎ

ልጄ ሆይ፣ ሰላምታውን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። አሁን ተቆጥቻለሁ። ስልክ ላይ ስለማታስጨርሰኝ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ትናንት በቁስቋም በዓል፣ አባትህ መቃብር ራስጌ ቆሜ ሳለሁ ነው በስልክ የጮህክብኝ። «ማን ፈቅዶልሽ ነው በእግርሽ የወጣሽው? ራስሽን ልትገይ ነው?» አልክ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ከኦስሎ ፈቃድ እንደምታወጣ አላውቅም ነበር። ደግሞም በጥር መጥተህ ይህን ቤት ዘግተህ፣ ሊፍት ያለው አፓርትማ ውስጥ እንደምታስገባኝ ነገርከኝ። ስልኩን ስለዘጋሁት መልሴን አልሰማህም። መልሴ እምቢ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ልቤ ሲያስቸግረኝ «ከእንግዲህ ክብርሽ ተቀምጦ መብላት ነው» አልክ። ያንን ትልቅ የቆዳ ወንበር አስመጣህልኝ። ሠራተኛ ብለህ አስቻለችንም ቀጠርክልኝ። ምን ታድርግ፣ ባልዲ ሳነሣ ከእጄ ትነጥቃለች፣ መጥረጊያ ስይዝም ትነጥቃለች፤ «ጋሼ ጌቱ ምንም እንዳትነካ ብለውኛል» ትላለች። አርባ ዓመት ለኪዳን በእግሬ የወጣሁትን ዳገት በኑሕ ታክሲ ተጭኜ እንድወጣ አደረግክ። ኑሕ ጨዋ ሰው ነው፤ በር ከፍቶ እንደ እንቁላል ያወርደኛል። ጎረቤት ሁሉ «ልጅ ይውጣልሽ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው» ይላል። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ላይ እኔም ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ከወንበሩ ለመነሣት አስቻለችን መጥራት ጀመርኩ። ባለፈው ነሐሴ ደግሞ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ መድኃኒት ገዝቼ ስወጣ ኑሕ የቆመበት ቦታ ጠፋኝ። ስሙም ጠፋኝ። ሰው እንዳልጠይቅ የሰፈሬን ስም መጥራት አቅቶኝ ፋርማሲው ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ ብነግርህ ወንበሩ ላይ ታስረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየችኝ ሐኪም ናዝሬት ትባላለች። መድኃኒት ከመጻፏ በፊት «እማማ፣ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?» አለችኝ።

«እቀመጣለሁ» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳ ይቀርብልኛል።»

አልሳቀችም። «ግፊትዎን በመድኃኒት እንይዘዋለን። ልብ ግን ጡንቻ ነው፤ ካልሠራ ይደክማል። አእምሮም የሚኖረው ልብ በሚልክለት ደም ነው» አለችኝ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንድራመድ፣ ደረቴን ከያዘኝ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ ወዲያው እንድቆም አዘዘችኝ። ምን ምን እንደጠፋብኝም ነገርኳት። «የጠፋውን እመልስልዎታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ የቀረውን ግን እንጠብቅ» አለች። የጠፋብኝ ነገር የእሷና የእኔ ጉዳይ ነው፤ አንተን አይመለከትህም።

ተራመጂ ተባልኩ ስልህ ምን አልክ? «ሐኪሟ ልጅ ናት፣ አትስሚያት» አልክ። ሰማንያ ዓመት የሆናት ጎረቤትህ በሁለት ዱላ በረዶ ላይ ስትፈጥን ፎቶ አንሥተህ «የዚህ አገር አሮጊቶች ጉድ ናቸው» ብለህ የላክልኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ለፈረንጅ አሮጊት ጉብዝና የሆነው ለእናትህ ውርደት የሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ለእኔ ማሰብህ ብቻ እንዳይመስልህ። «እናቱን በእግሯ ያስኬዳል» መባልን ፈርተህ ነው።

ስለዚህ አንተን ሳላማክር ጀመርኩ። መጀመሪያ እስከ ውጭ በር ብቻ ነበር። ቀጥሎ እስከ ኢክረማ ሱቅ፤ ሰበብ እንዲሆነኝ በየቀኑ ክብሪት ስለምገዛ ቤቱ በክብሪት ተሞልቷል። ጥቅምትን እንዲህ ጨረስኩት። ትናንት ኑሕን «ዛሬ ሌላ ሰው ጫን» ብዬ አሰናብቼ ዳገቱን ያዝኩት። አስቻለች በርጩማ ተሸክማ ከኋላ ከኋላዬ ትላለች። ዘጠኝ ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ግን እሷ ናት። ላይ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ራሴ ግን ጥርት ብሎልኝ ነበር። በመንገዱ ያሉትን ቤቶች በየባለቤቶቻቸው ስም እየጠራሁ ነው የወጣሁት፤ የሞቱትንም ጭምር። አንድም አልጠፋኝም። ደስታዬን ለአባትህ እየነገርኩት ሳለሁ ነው የደወልከው። አሁን ከዚህ ሰፈር አውጥተህ ማንንም ከማላውቅበት ብታስገባኝ፣ ማንን እየጠራሁ እሄዳለሁ?

ወንበርህን ግቢ አውጥቼዋለሁ፤ ዶሮዎቹ ወርሰውታል። በጥር ና፣ ግን መራመጃ ጫማ ይዘህ ና። ከእኔ ቀድመህ ቁስቋም ከደረስክ አፓርትማህ እገባልሃለሁ። ሆድህን በቪዲዮ ስላየሁት አልፈራሁም።

እንግዲህ ሰላምታው። እንደምን ሰነበትክ? የቁስቋም እመቤት ከክፉ ትጠብቅህ፤ ዕድሜህን ታርዝምልኝ፤ ስታረጅም ተቀመጥ የሚልህ ልጅ አይስጥህ። ሮሃ ጥሩ ሚስት ናትና ሰላም በልልኝ። ትንሿን ልጃችሁንም ጉንጯን ሳምልኝ።

የትንሿን ስም በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ በትልልቅ ፊደል ይሁን። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እንዴት እረሳዋለሁ? የአንተን እጅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ልለጥፍ አምሮኝ ነው። ጥርን አትጠብቅ፣ ቶሎ ላከው።

እናትህ
የዓለምወርቅ