በአንድ በኩል ብቻ ያለቀው ሣር

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

ከናፍቆት ጋር ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ሳንቃውን ብቻዬን ካልተሸከምኩ እያልክ ነው? እማ እንዴት ናት? መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ እንደ ልማዷ ለክፉ ቀን ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት? ባለቤትህና ልጆቹስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚህችው ደህና ነኝ ስለምትባል ቃል ስለሆነ እሷን ትንሽ ላቆያት።

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ወረቀት ከዘረጋሁ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ክፍሌን ከሜዳው የሚለያት አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ በመስኮቱ የልምምዱ ጎል ይታየኛል። ሄጄ አየዋለሁ፣ ተመልሼ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። አከራዬ እንኳ ምን ጠፍቶብሽ ነው ብላ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልንገራት።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። የታዳጊ ሴቶች ቡድን በረኞችን ነው የማሰለጥነው፤ አራት ናቸው። ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሜዳው የእኛ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቆማሉ፤ ስጠራቸው ዞር ብለው ኳሷን በዓይናቸው ሲፈልጉ እኔ መትቼ ጨርሻለሁ። በረኛ በእጁ ያዘ ይባላል እንጂ ቀድሞ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የማስተምራቸው እርምጃ ነው። በየጠዋቱ መቶ ያህል ኳስ እመታላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከቡድኑ ጋር ይለማመዳሉ፣ ግን እዚያ የሚደርሳቸው ኳስ ትንሽ ነው። ገላቸው የሚማረው ከእኔ ነው።

ከአራቱ አንዷን ሙጫ እንላታለን፤ እጇ ላይ ያረፈ ኳስ አይላቀቅማ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት፣ ወሬ አታበዛም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጓንቷ በተቀደደ ቁጥር መዳፉን በአሮጌ ጃኬት ጨርቅ እየደረበች ትሰፋላታለች። በረኛ ሆኖ መወለድ የሚባል ነገር ካለ እሷ ናት። በሚመጣው ወር ከአንድ አዳሪ የስፖርት ትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው የየቡድኑን በረኛ ያያሉ፤ ከሁሉም መርጠው የሚወስዱት አንዷን ነው። ከእኛ ቡድን አንድ ስም ብቻ ይላካል። ስሙን ለዋናው አሰልጣኝ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ሙጫ ላይ ሰባት ጎል ገባ። በመጨረሻው ጨዋታ አንዷ አጥቂ እዚህ ግባ የማይባል ኳስ መታች፤ ሙጫ ወደ ግራዋ አንድ እርምጃ ሄዳ ነበርና ኳሷ በቀኟ በኩል እየተንከባለለች ገባች። ደሜ ፈላ። ምላሴን መቼም ታውቀዋለህ። በማግሥቱ ልምምድ ላይ በጓደኞቿ ፊት ልብ የለሽም አልኳት፤ ከፈሪ በረኛ ባዶ ጎል ይሻላል አልኳት። ጓንቷን አውልቃ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጣ ሄደች፣ ይኸው ዘጠኝ ቀኗ። እኔም በንዴቴ የሁለተኛዋን በረኛ ስም ሰጠሁ።

ትናንት ዕቃ ቤት ጠባቂያችን የልምምዱን ጎል መረብ ሲሰፋ አገኘሁት። ነጭናጫ ሽማግሌ ነው፤ ሳያጉረመርም መርፌ አይነካም። ይህን መረብ በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ በኩል ስድስት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ፣ በዚያ በኩል ግን እንደተገዛ ነው፣ ያንቺ ኳስ ሌላ መንገድ አያውቅም ወይ አለኝ። ልቀልድበት አፌን ከፈትኩና ድንገት ዓይኔ መሬቱ ላይ አረፈ። ወንድም ጋሼ፣ በረኛ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ ስትቆም በግራዋ ባለው ብረት ሥር ሣሩ አልቆ መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ ልጆቹ ሲወረወሩ የሚወድቁበት ነው። በቀኟ ባለው ብረት ሥር ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣሩንም አላየሁት። ሮጬ ገብቼ ጎሎቹን የማሰፍርበትን ደብተር ገለጥኩ። ሰባቱም የገቡት በቀኟ ነው።

አንተ አጥቂ ነበርክና ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በቀኝ ለመምታት በግራ እግር መቆም ያስፈልጋል። እኔ በግራ ጉልበቴ መቆም አልችልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምመታው በግራ ነው። በግራ የተመታ ኳስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ በረኛዋ ግራ ነው። ልጆቹ በየጠዋቱ ያንን እየጠበቁ አደጉ፤ ጨዋታ ላይ ግን የሚገጥማቸው ሁሉ ማለት ይቻላል በቀኝ የሚመታ ነው። ሙጫ አልፈራችም። ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው፤ ከሁሉም አብልጣ ስለተማረች ከሁሉም አብልጣ ተሳሳተች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አዎ፣ ጉልበቴ አልዳነም። በየደብዳቤው ድኗል እያልኩ ስጽፍልህ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ያን ቀን ጎል ላይ ቆሜ የመታኸውን ኳስ ከእጄ ተፋሁት፣ ሁለታችንም እኩል ደረስንበት፤ አንተ እግርህን ሰደድክ፣ እኔ ጉልበቴን። ጨዋታ ነው፣ የማንም ጥፋት አልነበረም። ግን ተሸክመኸኝ ቤት ስትገባ ፊትህን አይቼዋለሁ። በሳምንቱ ጫማህን ለጎረቤት ልጅ ሰጠህ፣ ከዚያ ወዲያ ኳስ ስትነካ ያየህ የለም። አልዳነም ብልህ የምትሆነውን ፈርቼ ዋሸሁህ። እዚህም ስቀጠር የጤናው ቅጽ ላይ ጉልበት በሚለው ትይዩ ደህና ብዬ ሞላሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል፤ የእኔ ትናንት አለቀ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ወጥቼ ነበር፤ አሁን ሐሙስ ጠዋት ነው የምቀጥልልህ።

ትናንት ጓንቷን በፌስታል ይዤ ሙጫ ቤት ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ልመለስ ብዬ ነበር። እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ የተሰፋ ሱሪ ክር ትቆርጣለች። እናትየው ወንበር ሰጠችኝ እንጂ ፊት አልሰጠችኝም፤ እውነቷን ነው። አልተቀመጥኩም። ፈሪ ብዬ የሰደብኳት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በእናቷ ፊት ጠየቅኳት፤ የጉልበቴንም፣ የግራ እግሬንም፣ የሣሩንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እናትየው ጓንቶቹን ከፌስታሉ አውጥታ እያገላበጠች፣ ሁልጊዜ ግራው እየቀደመ ሲቀደድ ይገርመኝ ነበር አለች።

ልጅቷ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? አውቅ ነበር አለችኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታውቃለች። ከልምምድ በኋላ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጉልበቴን ይዤ ስቀመጥ አይታኛለች። እስቲ በቀኝ ምቺልን ልትለኝ ስትፈልግ፣ እንደማልችል ስለገባትና እንዳላፍር ብላ፣ ዋጥ አድርጋ ኖረች። ልብ የለሽም ያልኳት ልጅ ናት ይህች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እናትየው መኪናዋን አቁማ ዓይኔን የምጠርግበት ቁራጭ ጨርቅ ሰጠችኝ፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ከዚያ ሳላርፍ ዋናው አሰልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። የተነፈሱ ኳሶች መሀል ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ የጤናውን ቅጽ ጭምር። የሁለተኛዋን ስም ሰርዞ የሙጫን ጻፈ። ሁለተኛዋን አስቀድሜ ጠይቄያት ነበር፤ ሙጫ እያለች የእኔ ስም መግባቱ መቼ ደስ ብሎኝ አለች። ስለ እኔ ግን አሰልጣኙ ፍርጥም አለ። እስከ ምርጫው ሃያ ስድስት ቀን አለ፣ በየጠዋቱ በቀኝ እግሩ መቶ ኳስ የሚመታ ሰው ፈልገሽ አምጪ፣ ካጣሽ ልጆቹን ለሌላ አሰልጣኝ እሰጣለሁ አለኝ። አልፈርድበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ዛሬ ሙጫ ከሁሉም ቀድማ ሜዳ ተገኘች። ዋናው አሰልጣኝም እስከዚያው እኔ ልሞክር ብሎ ቦርጩን ይዞ መጣ። ሦስት መታ። አንዱ የዕቃ ቤቱን መስኮት ሰበረ፤ ሽማግሌው እስካሁን እየረገመው ነው። አንዱ ከጎሉ በላይ ሄደ። አንዱ ብቻ ደህና ሆኖ በቀኟ በኩል መጣ፣ ሙጫ ወደ ግራ ሄደች። ቆመችና እግሯን አየችው፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል። ሁለት ዓመት የገነባሁትን በሃያ ስድስት ቀን ማፍረስ አለብኝ፣ ደግሞም በሌለኝ እግር። አሁን ለምን እንደማልቀመጥ ገባህ?

ከሜዳው ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ጠየቅኩ። ጎማ ጠጋኙ ሥራ አለኝ አለ። የትልልቆቹ ቡድን አጥቂዎች በዚያ ሰዓት ማን ይነሳል አሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ዝም ብሎ የሚጠልዝ አይደለም፤ እዚህ ማዕዘን ሲባል እዚያው የሚያስቀምጥ፣ የልጅ ጣት የማይሰብር ሰው ነው። በዕድሜዬ እንዲህ የሚመታ አንድ ሰው ነው ያየሁት። አጥሩ ላይ የሰቀልናትን ጣሳ ከማዶ እየመታ ሲጥላት፣ ጣሳዋን እየሮጥኩ መልሼ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ።

አሁን የአናጺ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው፤ ይህን አንተው ነህ የጻፍክልኝ። አልጋዬን እለቅልሃለሁ፣ እኔ ፍራሽ ዘርግቼ መሬት እተኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሾፌር ነው የምሰጠው፣ በሦስት ቀን ይደርስሃል፤ ያው ሾፌር በማግሥቱ ወደዚህ ይመለሳል። ሙጫ ብትመረጥ ትምህርቷም ኑሮዋም እዚያው ይሆናል፣ እናቷም ትንሽ ቀና ትላለች። የእኔም እንጀራ በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለልጅቷ ብቻ ብዬ ነው ብልህ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሙጫ አውቅ ነበር ካለችኝ ወዲህ ስለ አንተ አስባለሁ። አንተም ታውቅ ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት ድኛለሁ ስልህ፣ እንዳላፍር ብለህ የተቀበልከኝ እያስመሰልክ ነበር? ካወቅክ ሁለታችንም ስንተዛዘን ዕድሜያችንን ፈጀነው ማለት ነው። መጥተህ በአፍህ ንገረኝ።

እማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መነጽሯን አድርጋ ይህን ደብዳቤ ራሷ ታንብበው፣ ከእሷም የምደብቀው ከእንግዲህ የለኝም። ባለቤትህን ለአንድ ወር ባሏን የምዋሳት መሆኔን ነግረህ ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ከቤት ስትወጣላት ትንሽ ታርፍ ይሆናል። ትልቋ ልጅህ የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ያ ባለ ስድስት ጣት ሰው እኔ ከሆንኩ ለበረኛ ጥሩ ነው በላት። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ።

ለቀኝ እግርህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንድ ቀን እንኳ ተቀይሜው አላውቅም። አሁን ሥራ ስላለን ይዘኸው ና።

እህትህ

ከሜዳው ግንብ ጥግ ካለችው ክፍሌ
ረቡዕ ተጀምሮ ሐሙስ ያለቀ፣ ሚያዝያ 9 ቀን